ከተፈጥሮ የሚመጣ የሕፃናት የምግብ ቧንቧና የአንጀት ችግር እንዴት ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ የተወለደ ልጅ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ናቸው። ልጃችሁ አሁን አረንጓዴ እያስመለሰ ከሆነ ግን ማንበቡን ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ለመሆኑ «ከተፈጥሮ የመጣ የአንጀት ችግር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ልጁ ማህፀን ውስጥ ሲፈጠር የምግቡ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ሳይስተካከል ቀርቷል ማለት ነው። መንገዱ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ነው፤ ችግሩም የትም ሊሆን ይችላል። ከአፍ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ደረት ላይ ተቋርጦ ጨጓራ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ትንሹ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። አንጀቱ ሙሉ ሆኖ አቀማመጡ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ነርቭ አልባ ሊሆን ይችላል። የፊንጢጣ ቀዳዳም ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

አንዳንዱ ገና ሲወለድ በዓይን ይታያል። አብዛኛው ግን ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ ልጁ ቆንጆ፣ ኪሎው ደህና፣ ጩኸቱ ጠንካራ ሆኖ ይወለድና ነገሩ የሚገለጠው መጥባት ሲጀምር ነው። ለዚህ ነው ከወለዱ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት የሚመለሱ እናቶች ችግሩን መጀመሪያ የሚያዩት ቤታቸው ውስጥ የሚሆነው።

ምን በልቼ ነው? ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም። ይህ ጥያቄ ከእናቶች አፍ አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜም የሚያስጠይቃቸው የጎረቤትና የዘመድ ወሬ ነው። አብዛኛው የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው፤ እናትየው ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ። ቡና ስለጠጣች፣ ዕቃ ስላነሳች ወይም ስለተናደደች የልጅ አንጀት አይዘጋም።

ከትንሹ አንጀት መዘጋት አንዱ ዓይነት ደግሞ ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣው። ጽንሱ ውስጥ እያለ ወደ አንድ የአንጀት ክፍል የሚሄደው ደም ይቋረጥና ያ ክፍል ይሟሽሻል። ይህን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬፕታውን ላይ ያሳዩት ሎው እና ባርናርድ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው፤ እርጉዝ ውሾች ላይ የጽንሱን አንጀት የደም ሥር ቋጥረው ቡችላው ሲወለድ አንጀቱ ተዘግቶ አገኙት። ባርናርድ ያው በ1967 የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው ሰውዬ ነው።

ብርቅ ነው ይሉናል። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን?

እያንዳንዱ ለብቻው ብርቅ ነው። የፊንጢጣ አለመከፈት በግምት ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል። ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው የትልቁ አንጀት ነርቭ ማጣትም እንደዚያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። እስቲ አስሉት፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ በየዓመቱ ከ1,200 በላይ ልጆች ማለት ነው። ሌሎቹ ገና አልተቆጠሩም።

ደግሞ ዋናው ጉዳይ ብዛቱ አይደለም፣ ጊዜው ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በ74 አገሮች 264 ሆስፒታሎችን ያየ ጥናት ነበር። እንዲህ ዓይነት ችግር ይዘው ከተወለዱት ሕፃናት ውስጥ በሀብታም አገሮች የሞቱት ከ100 ወደ 6 ሲሆኑ፣ በደሃ አገሮች ወደ 40 ናቸው። በሽታው አንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ዘግይቶ መታወቁ፣ ዘግይቶ መድረሱ፣ ከዚያም ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ያለው እንክብካቤ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ወላጅም ብዙ መሥራት ይችላል።

ማቅረሻ የትኛው ነው፣ የሚያሰጋው ትውከት የትኛው?

ጠብቶ ሲያገሳ ትንሽ ወተት ከአፉ ጥግ የሚወርደው ልጅ እያቀረሸ ነው። የሚወጣው ነጭ ወይም የረጋ ወተት ነው። ልጁ ይጠባል፣ ይሸናል፣ ኪሎ ይጨምራል። እሱን ተዉት፣ ይለቀዋል።

አረንጓዴ ሲሆን ግን ጨዋታው ተቀየረ። አረንጓዴው ሐሞት ነው። ሐሞት አንጀት ውስጥ የሚገባው ከጨጓራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በአፍ ከመጣ ከዚያ በታች መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ደንብ አጭር ናት፦ አረንጓዴ ያስመለሰ ጨቅላ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀቱ እንደተዘጋ ተቆጥሮ ይታያል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ተመርምረው ኦፕራሲዮን አያስፈልጋቸውም ይባላሉ፣ እሰየው ነው። ግን የትኛው እንደሆነ በዓይን አይተው የሚለዩበት መንገድ የለም።

ይህ ሁሉ ችኮላ በአንድ በሽታ የተነሳ ነው። አንዳንድ ልጆች አንጀታቸው ማህፀን ውስጥ በትክክል ሳይዞር፣ ከጀርባም ሳይያያዝ ይቀራል። እንዲህ ያለ አንጀት አንድ ቀን በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ የታጠፈ የውኃ ጎማ ውኃ እንደማያሳልፍ ሁሉ የደም ሥሩም አብሮ ይታነቃል። በሰዓታት ውስጥ ሙሉው ትንሹ አንጀት ሊሞት ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው መጀመሪያ ላይ የልጁ ሆድ ለስላሳ ሆኖ፣ ራሱም ደህና መስሎ መታየቱ ነው። ሆዱ ሲነፋ፣ ካካው ደም ሲቀላቅል ዘግይቷል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው፣ ግን ትልቅ ልጅ ላይም ይከሰታል።

ቀለሙን በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። እናት «ቢጫ ነው» ትላለች፣ ነርሷ እንገር ይመስላታል፣ ልጁ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ያስመለሰበትንም ጨርቅ ሳታጥቡ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከየትኛውም ገለጻ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ሲጠባ ትን ይለዋል፣ አፉም አረፋ ይሞላል። ምን ሊሆን ይችላል?

ምራቁን ሲጠርጉለት ወዲያው የሚሞላ፣ አረፋ የሚያወጣ፣ መጀመሪያ ጡት ሲሰጡት ትን ብሎት የሚጠቁር ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚታሰበው የምግብ ቧንቧ መቋረጥ ነው። ወተቱም ምራቁም የሚወርድበት ስለሌለ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እናትየው በእርግዝናዋ መጨረሻ የእንሽርት ውኃዋ በጣም ብዙ ነው ተብላ ከነበረ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ጽንሱ ውኃውን መዋጥ ስላልቻለ ነው የበዛው።

ምርመራው ርካሽ ነው። ቀጭን ቱቦ በአፍ ወይም በአፍንጫ ይገባል። ጨጓራ መድረስ ሲገባው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። ቱቦው እንዳለ ራጅ ሲነሳ የላይኛው ደረት ላይ ተጠቅልሎ ይታያል። በቃ፣ ታወቀ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቱቦው በጣም ቀጭንና ልፍስፍስ ከሆነ የተዘጋው ከረጢት ውስጥ እየተጠቀለለ «ገባ» ሊያሰኝ ይችላል፣ ለዚህ ነው ራጁ የሚያስፈልገው። በዚያው ራጅ ሆድ ውስጥ አየር ካለ የታችኛው ቁራጭ ከአየር ቧንቧ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ከ100 ወደ 85 የሚሆኑት። ሆዱ ጭራሽ አየር ከሌለው ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ የለም፤ በሁለቱ ቁርጥራጮች መካከል ያለው ርቀትም ሰፊ ሊሆን ይችላል።

«እስቲ ትንሽ ወተት ሞክሪለት» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ከተጠረጠረ በአፍ ምንም አይሰጥም።

አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይላሉ። ቅቤም ይዋጥ ብለዋል።

አማትሽ ለልጁ አስበው ነው፣ ጠብ አያስፈልግም። ግን ሁለቱም ይቅሩ። ትንታ፣ ሳልና ማስመለስ በእኛ አገር በእንጥል የሚሳበብ ነገር ነው። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ የተዘጋውን አንጀት አይከፍትም። ከሁሉ በላይ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ይበላል። ያ ጊዜ ነው የሚያስፈልገን።

ቅቤው ደግሞ የምግብ ቧንቧው ለተቋረጠ ልጅ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚገባ ስብ ነው። ጤና አዳሙም፣ አብሹም፣ የስኳር ውኃውም እንደዚያው። ጤነኛ ልጅም ቢሆን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ አያስፈልገውም።

ከተወለደ ሁለት ቀን ሆነው፣ ካካ አላለም። መቼ ነው የምንደናገጠው?

በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ካካ ይላል። 48 ሰዓት አልፎት ምንም ካላለ መታየት አለበት። ሆዱ ከተነፋ ወይም ካስመለሰ ደግሞ 48 ሰዓት የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ፊንጢጣውን ማየት ነው። አዎ፣ ማየት ብቻ። ይህ ቀላል ነገር ሳይደረግ ስንት ልጅ ቀናት አልፈውታል። ቀዳዳው ካለና ልጁ ካካ ካላለ ከሚጠረጠሩት ዋነኛው ሂርሽስፕሩንግ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ሲፈትሽ አየርና ካካ በኃይል ፈንድቶ ይወጣና ሆዱ ይቀንሳል። ያኔ ወላጅ «ተፈታለት» ብሎ ደስ ይለዋል። በማግስቱ እንደገና ይነፋል። ይሄ መመላለስ ራሱ ምልክት ነው። በየሳምንቱ በሳሙና ቁራጭ ወይም በማስታጠቢያ ካልሆነ የማይወጣለት ልጅ ድርቀት ነው እየተባለ ዓመት ሊሞላው አይገባም።

አንድ የምትፈሩት ነገር ይኑር፦ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳት ኖሮት፣ በጣም የሚሸት ተቅማጥ ከጀመረው ሂርሽስፕሩንግ ያለበት ልጅ አንጀቱ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ነው ብላችሁ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ቤት አትቀመጡ።

ፊንጢጣ የሌለው ልጅ እንዴት ሳይታወቅ ይቀራል? በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም እንዴ?

ይታያል፣ ከተመለከቱት። የሚያሳስተው ግን ብዙዎቹ ልጆች ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ስላላቸው ነው። ሴት ልጅ ላይ አንጀቱ ብዙ ጊዜ በብልቷ በር ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ካካ ትላለች፣ ዳይፐሩ ይቆሽሻል፣ ማንም አይጠረጥርም፤ ጡት ትታ ምግብ ስትጀምር ካካው ሲጠነክር ነው ጉዱ የሚወጣው። ዳይፐር ስትቀይሩ ካካው ከየት እንደሚወጣ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩ። ወንድ ልጅ ላይ ደግሞ ከሽንቱ ጋር አረንጓዴ ነገር ከወጣ አንጀቱ ከሽንት ቧንቧው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

ብዙ ወላጅ «ዛሬ ተወለደ፣ ለምን እስከ ነገ ጠብቁ አሉን?» ብሎ ይናደዳል። ምክንያት አለው። ካካው ተገፍቶ ታች እስኪደርስ ወደ 24 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ትንሿ ቀዳዳ ላትታይ ትችላለች፣ ራጁም አንጀቱ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ያስመስለዋል። ሐኪሞቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ልብና ኩላሊቱን ያያሉ። ድሮ ልጁን ዘቅዝቀው ነበር ራጅ የሚያነሱት። አሁን በሆዱ አስተኝተው፣ ዳሌውን ከፍ አድርገው ከጎን ያነሱታል። ከራጁ የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፦ አንጀቱ ለቆዳው ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? ቅርብ ከሆነ በቀጥታ ሊሠራ ይችላል፤ ሩቅ ከሆነ መጀመሪያ አንጀቱ በሆዱ በኩል ይከፈትለታል፣ ዋናው ሥራ በኋላ ይመጣል።

አልትራሳውንድ ሦስት ጊዜ ታይቼ «ልጁ ደህና ነው» ተብዬ ነበር። ዋሹኝ?

አልዋሹሽም። የእርግዝና አልትራሳውንድ ሁሉንም አያሳይም። የሆድ ግድግዳ ተከፍቶ አንጀት ውጭ ያለበት ችግር በደንብ ይታያል። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት መዘጋትም ሁለት ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ነው፣ ቀደም ብለሽ ከታየሽ ሊያመልጥ ይችላል። የምግብ ቧንቧ መቋረጥ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ የሚጠቁመው ውኃው መብዛቱና የጽንሱ ጨጓራ አለመታየቱ ነው። ሂርሽስፕሩንግማ ጨርሶ የማይታይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊንጢጣም እንዲሁ ያስቸግራል።

ስለዚህ «ደህና ነው» ማለት «የሚታየው ደህና ነው» ማለት ነው። በተቃራኒው የእንሽርት ውኃሽ በዝቷል ከተባልሽ ወረቀቱን አትጣዪው፣ ልጁ ሲወለድ ለሚያየው ሐኪም ስጪው።

ለምንድን ነው አንድ ራጅ የማይበቃው? በየቀኑ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል።

አንዳንዴ ይበቃል። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት ከተዘጋ ተራው ራጅ ላይ ሁለት የአየር ክብ ይታያል፣ ከዚያ በታች ምንም አየር የለም፤ ሌላ ምርመራ ሳይጨመር ወደ ኦፕራሲዮን መሄድ ይቻላል። እዚያው ላይ ከታች ጥቂት አየር ከታየ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ የተጠመዘዘ አንጀትም እንዲህ ሊመስል ይችላል።

አንጀት ተጠምዟል ተብሎ ሲጠረጠር ተራ ራጅ አያሳምንም፣ ምክንያቱም ፍጹም ደህና ሊመስል ይችላል። ትክክለኛው ምርመራ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ለልጁ ተሰጥቶት የሚነሳው ራጅ ነው፤ የመጀመሪያው አንጀት ከጀርባ አጥንት በስተግራ፣ ጨጓራው በሚያልቅበት ከፍታ ላይ ደርሶ መታጠፍ አለበት። ካልደረሰ አቀማመጡ ተሳስቷል። አልትራሳውንድም ጥሩ ባለሙያ ከያዘው የደም ሥሮቹ ሲጠማዘዙ ያሳያል፣ ጨረር የለውም፣ አልጋው ድረስም ይመጣል። ልጁ በጣም ከታመመ ደግሞ ምንም ምርመራ ሳይጠበቅ ሆዱ ይከፈታል። ይሄ «ሳይመረምሩ ቀደዱት» አይደለም፤ ምርመራ ላይ የሚጠፋው ሰዓት አንጀቱን ስለሚያስከፍል ነው።

ለሂርሽስፕሩንግ ኮንትራስቱ የሚሰጠው በፊንጢጣ በኩል ነው። የሚፈለገው ጠባቡ ክፍል ወደ ሰፊው የሚቀየርበት ቦታ ነው። ከምርመራው በፊት አንጀቱን ማጠብ ያንን ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል፣ ስለዚህ «ሆዱ እንዲቀለው» ብላችሁ ጠዋት ላይ እንዳታጥቡት፣ ጠይቁ።

ጨረሩን በተመለከተ፦ የአንድ ተራ ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው። ራጅ ፈርቶ ልጁን ይዞ መመለስ ከራጁ በብዙ እጥፍ ይከፋል።

ባዮፕሲ ታዘዘ። ካንሰር ነው እንዴ?

አይደለም፣ ተረጋጉ። ሂርሽስፕሩንግን የሚያረጋግጠው ባዮፕሲ ብቻ ነው። ከፊንጢጣው ትንሽ ከፍ ብሎ ከአንጀቱ ግድግዳ ጥቂት ናሙና ይወሰድና በማይክሮስኮፕ የነርቭ ሕዋሶች ይፈለጋሉ። ከሌሉ በሽታው አለ። ትንንሽ ልጆች ላይ በሚስብ መሣሪያ አልጋው ላይ ይሠራል፤ ቦታው ሕመም የሚሰማው አይደለም፣ ማደንዘዣም አይፈልግም። መሣሪያው ከሌለ ወይም ልጁ ትልቅ ከሆነ በማደንዘዣ ተኝቶ ይወሰድለታል። አንዳንዴ «ናሙናው አልበቃም» ተብሎ ይደገማል። ያናድዳል፣ ግን በጥርጣሬ የልጅ አንጀት ከመቁረጥ መድገሙ ይሻላል።

የዚህ በሽታ ታሪክ የሚገርም ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሂርሽስፕሩንግ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሁለት ልጆች ተናገረ፣ ሁለቱም ሆዳቸው ተነፍቶ የሞቱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ያበጠውን፣ የሰፋውን አንጀት በሽተኛ ነው ብለው ሲያክሙ ኖሩ። በሽተኛው ግን ከሱ በታች ያለው ጠባብ፣ ጤነኛ የሚመስለው ክፍል ነበር። ስዌንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያንን ክፍል አውጥቶ ጤነኛውን ወደ ታች የሳበበትን ኦፕራሲዮን ያሳተመው በ1948 ነው። ዛሬ ልጃችሁ ላይ የሚሠራውም በመሠረቱ ያው ነው።

ችግሩ ፊንጢጣው ላይ ነው። ልቡን ለምን ያነሱታል?

አብረው የሚፈጠሩ ስለሆኑ። ፊንጢጣ ወይም የምግብ ቧንቧ ላይ ችግር የተገኘበት ልጅ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ የጀርባ አጥንቱ ወይም ክንዱ ላይም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ፣ የኩላሊት አልትራሳውንድና የጀርባ ራጅ ይታዘዛሉ። የኅብለ ሰረሰር አልትራሳውንድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው የሚቀለው፣ ከዚያ አጥንቱ ይጠነክርና አያሳይም። የልቡ ውጤት ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ በጣም ያስፈልገዋል።

ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት የተዘጋባቸው ልጆች ከሦስት አንዱ ገደማ ዳውን ሲንድረም አላቸው። ይህን ሐኪሙ ሲነግራችሁ እያሟረተ አይደለም።

በደንብ እየጠባ ቆይቶ በወሩ ማስመለስ ጀመረ። ይሄም ከተፈጥሮ ነው?

በሦስትና በስድስት ሳምንት መካከል ያለ፣ በተለይ ወንድና በኩር የሆነ ልጅ ጠብቶ ወዲያው በኃይል ተወርውሮ የሚወጣ ነጭ ወተት ካስመለሰ፣ አስመልሶም እንደገና ልጥባ ካለ፣ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ሲወለድ የነበረ አይደለም፣ በኋላ ነው የሚወፍረው፤ ግን አብሮ ስለሚጠየቅ እዚህ ገባ። አልትራሳውንድ ይለየዋል፤ ጡንቻው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ታወቀ። ኦፕራሲዮኑ አጭር ነው፣ ነገር ግን መጀመሪያ በማስመለስ የጠፋው ፈሳሽና ጨው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ መተካት አለበት። «ለምን ዛሬውኑ አይሠሩለትም?» ለሚለው መልሱ ይሄ ነው።

ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ እያሞቅነው ነው። እስከ መቼ?

እስከ ሁለት ሳምንት። በጊዜው የተወለደ ልጅ ከ14 ቀን በኋላም ቢጫ ከሆነ ፀሐዩን ትታችሁ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ጠቅላላ ቢሊሩቢን (ዓይኑን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ብቻ ሳይሆን ዳይሬክት የሚባለውም ይለካ። ካካው ነጣ ካለ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ደግሞ ዳይፐሩን ካጠቆረ ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ። የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቀኑ ሁሉ ነገር ነው። ካሳይ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም የጀመረው ኦፕራሲዮን ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ጉበቱ እየጠጠረ፣ እየተጎዳ ይሄዳል። ታይዋን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእያንዳንዷ ወላድ የካካ ቀለም ያለበት ካርድ ትሰጣለች፤ እናት ዳይፐሩን ከካርዱ ጋር አስተያይታ ነጣ ካለ ትደውላለች። ይሄን የመሰለ ነገር ለእኛ የክትባት ካርድ ጀርባ ቢሆን ምን ይጎዳ ነበር?

ሁሉም ምርመራ «ኖርማል» ተባለ፣ ልጁ ግን አሁንም ደህና አይደለም። አሁንስ?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ችግሮች ይሄዱና ይመጣሉ። አንጀት ተጠምዞ በራሱ ሊፈታ ይችላል፤ ሐኪም ጋ ሲደርስ ልጁ ይስቃል። ስለዚህ ምልክቱ ባለበት ሰዓት የተነሳ ቪዲዮ በጣም ይጠቅማል። የምግብ ቧንቧና የአየር ቧንቧ ሳይቋረጡ በቀጭን ቀዳዳ ብቻ የሚገናኙበት ዓይነትም አለ። ቱቦው ጨጓራ ይገባል፣ ራጁ ደህና ነው፣ ልጁ ግን በጠባ ቁጥር ያስላል፣ የሳንባ ምች ይመላለስበታል። አንድ የኮንትራስት ራጅ ቀዳዳውን ሊስተው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በአየር ቧንቧ በኩል በካሜራ ማየት ያስፈልጋል።

ሂርሽስፕሩንግም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኮንትራስት ራጁ ላይ ላይታይ ይችላል፣ በተለይ መላው ትልቅ አንጀት ነርቭ ከሌለው፣ የሚነጻጸር ሰፊና ጠባብ ቦታ ስለማይኖር። ራጁ ደህና ሆኖ የልጁ ታሪክ ግን ሂርሽስፕሩንግን የሚመስል ከሆነ፣ ባዮፕሲ ይሠራለት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እንደሚመስለኝ ወላጅ «ምንድን ነው በሽታው?» ከማለት ይልቅ «ይሄ ምርመራ ምኑን ነው ያስወገደው፣ ምኑን አላስወገደውም?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ክፍለ ሀገር ነን፣ ሪፈር ተጻፈልን። መንገድ ላይ ምን እናድርግ?

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በአፍ ምንም እንዳይሰጥ ተባለ ወይ? ግሉኮስ ተተከለለት ወይ? የጨጓራ ቱቦ ገብቶለት የቱቦው ጫፍ ክፍት ሆኖ እየፈሰሰ ነው ወይ? አንጀቱ የተዘጋ ልጅ ቱቦው ካልፈሰሰለት መንገድ ላይ አስመልሶ ወደ ሳንባው ይገባል። የምግብ ቧንቧው የተቋረጠ ልጅ ደግሞ ከፍ ብሎ ይያዝ፣ ምራቁም በየደቂቃዎቹ ይመጠጥለት። አብሮ የሚሄድ ነርስ ካለ መምጠጫውን ይያዝ።

ብርድ ጨቅላን ይገድላል። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ፣ ከላይ ብርድ ልብስ። አንጀቱ ውጭ ከሆነ ግን ቆዳ ለቆዳው አይሆንም፤ አንጀቱ ንጹሕ በሆነ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሳይጫን፣ ልጁ በጎኑ ተኝቶ ይሂድ።

ሪፈሩን የጻፈው ሐኪም ለተቀባዩ ሆስፒታል እንዲደውል ለምኑት፤ አልጋ ሳይኖር መድረስ ሌላ ሪፈር ነው። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ሆስፒታሎች አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ደግሞ ቅርባችሁ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ቀዶ ሐኪም እንዳለው ሳትጠይቁ ረጅሙን መንገድ አትጀምሩ። የተነሳውን ራጅ ፊልሙን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱን ብቻ አይደለም።

የሚቀጥለው ልጅስ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የምግብ ቧንቧ መቋረጥ በወንድም በእህት ላይ የሚደገመው ከ100 በአንድ ገደማ ነው። ሂርሽስፕሩንግ ከፍ ይላል፣ በአማካይ ከ100 ወደ 4፤ ነርቭ ያጣው የአንጀት ክፍል ረጅም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፣ ያኔ የዘር ምክር ብታገኙ ጥሩ ነው።

ስታረግዢ ግን አልትራሳውንድ ለሚያነሳሽ ሐኪም የመጀመሪያው ልጅ ምን እንደነበረበት ንገሪው። የባዮፕሲውንና የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ አሳዪው፤ «አንጀቱ ታሞ ነበር» የሚለው ብቻውን የት ማየት እንዳለበት አይነግረውም። መውለጃሽንም የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ወይም ለዚያ ቅርብ የሆነ ቦታ አድርጊው።